ግማሹ የኛ ነው

ውድ ወንድሜ ሸረፋ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እማ ደህና ናት። የተሰበረው ክንዷ ክረምት ሲገባ ይጠዘጥዛታል እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም። እኔም እዚሁ ቆሼ ከተማ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። ይህን ደብዳቤ ከመፈታትህ በፊት እንዲደርስህ ብዬ በሰው እጅ ልኬልሃለሁ። ስትወጣ የሚጠብቅህ ነገር አለ፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው። እስከ መጨረሻው ሳታነብ ግን ማንም ላይ እንዳትቆጣ።

ስድስት ዓመት ሙሉ እየመጣሁ ስጠይቅህ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አውርተን አናውቅም። በሽቦው መሀል ስለ እማ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በርበሬው እናወራና ሰዓት አለቀ ይሉናል። ዛሬ ግን ከዚያ ካልጀመርኩ የምነግርህ ነገር አይገባህም።

ነጥቤ ለመንግሥት ምደባ ትንሽ ጎድሎ የቀረችኝ የወልቂጤዋ የካቶሊኮች ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነበረች። ትንሽ ናት፤ ግቢዋን በአንድ ትንፋሽ ትዞረዋለህ። የመግቢያ ፈተናዋን አልፌ ነርሲንግ ተቀበሉኝ። ክፍያውን ግማሹን በእርዳታ እንችላለን፣ ግማሹን ቤተሰብ ይክፈል አሉ። እማ "ግማሹስ ከየት ይመጣል" ብላ አለቀሰች። አንተ ጃኬትህን ትከሻህ ላይ ጣል አድርገህ ወደ መናኸሪያ ወጣህ። ብዙም ሳይቆይ የሆሳዕናን መስመር ከሰይዶ እጅ ነጥቀህ እንደያዝክ የቡታጅራ ሰው ሁሉ አወራው።

ሰይዶ ጠላትህ አልነበረም። በልጅነታችሁ ከአንድ ትሪ በልታችኋል። አንተ የአዲስ አበባውን ተራ፣ እሱ የሆሳዕናውን እያስከበራችሁ፣ ከየመኪናው የምትሰበስቡትን ይዛችሁ ሳትነካኩ ኖራችኋል። መስመሬን መልስልኝ ብሎ ሲመጣ ግን ሹፌሮቹ ፊት አፉን በደም ሞላኸው። መሬት ላይ እንዳለ "እህቴን እስካስመዘግብ ነው፤ ከዚያ መልሰህ ትወስዳለህ" ብለኸው ነበር አሉ። ይህን የነገሩኝ እናቱ ናቸው። እንዴት ከእናቱ ጋር እንደተነጋገርን እደርስበታለሁ።

ሲስተር መንበረ ቤታችን የመጡት በገበያ ቀን ነው። ዩኒቨርሲቲው እርዳታ የጠየቀን ተማሪ ኑሮ ቤቱ ድረስ ሰው ልኮ ያያል፤ ለዚያ የተላኩት እሳቸው ነበሩ። ግራጫ ቀሚስ የለበሱ፣ ፀጉራቸውን በሻሽ የሸፈኑ ቀጭን መነኩሲት። እማ ሻሻቸውን አይታ ደስ አላት፤ "እንደኛው ናቸው" አለችኝ በጆሮዬ። ዱካው ላይ ተቀመጡና ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ ጥግ ላይ የተከመረውን የበርበሬ ጆንያ አዩ።

"የቤቱ ገቢ ከምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ።

"እማ በርበሬ ትቸረችራለች። እኔ መናኸሪያ ነኝ" አልክ።

"መናኸሪያ ምን ትሠራለህ?"

"ተራ አስከብራለሁ።"

"ተራ እንዴት ነው የሚከበረው?"

ፈገግ አልክ። "በጉልበት ነዋ ሲስተር።"

ያበጠ እጅህን አዩት። "ልጅቷ አራት ዓመት ትማራለች። ጉልበትህ አራት ዓመት ይቆያል?"

ወዲያው የቆርቆሮው በር ተደበደበ። ሰይዶ ሌሎች ሰዎች አስከትሎ መጥቷል። ስምህን እየጠራ ውጣ ይልሃል። እማ ከሁላችን ቀድማ ወጣች። "ልጄ፣ ሸይጣንህን እርገም፤ እንግዳ አለብን" ስትለው ሰማሁ። ሰይዶ እሷን ሊመታ አላሰበ ይሆናል፤ ሽመሉን የሰነዘረው በሩ ላይ ነበር። ክንዷ ግን መሀል ገባ። አጥንቷ ሲሰበር ቤት ውስጥ ሆኜ ሰማሁት።

የጎማ መፍቻውን ከአልጋው ሥር አውጥተህ ስትሮጥ እኔና ሲስተር ተከትለንህ በሩ ላይ ቆምን። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ሽመሉ ከእጁ ወደቀ፤ እሱም በጉልበቱ ተንበረከከ። አብረውት የመጡት ይህን ሲያዩ ሸሹ። ሰይዶ አንድ እጁን አነሳ። "በቃ ሸረፋ፣ በቃኝ" አለ። እኔ ሰምቻለሁ። ሲስተርም ሰምተዋል። አንተም ሰምተሃል። ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛውን ጭንቅላቱ ላይ ያሳረፍከው።

ሲስተር መንበረ ሻሻቸውን ከራሳቸው አውልቀው ቁስሉ ላይ ተጫኑበት። ሻሹ ወዲያው ቀላ። "ውሃ አምጪ" አሉኝ፤ እኔ ግን ከቆምኩበት መነቃነቅ አልቻልኩም። አንተ መፍቻውን እንደያዝክ ታየው ነበር። "ሰይዶ፣ ተነስ እንጂ" አልከው። ሆስፒታል ሳይደርስ በጋሪ ላይ ሞተ።

ነርስ ከሆንኩ ወዲህ የተፈነከተ ስንት ጭንቅላት ሰፍቻለሁ። የመጀመሪያው ምት አይገድልም ነበር ሸረፋ። ትከሻ ይሰብራል፣ በሁለት ወር ይድናል። ይህን የምጽፈው ልወቅስህ ብዬ አይደለም። ስትወጣ "እናቴን መትቶ ነው" የሚሉህ ጓደኞች ከበው ስለሚቀበሉህ፣ እውነቱን የሚነግርህ አንድ ሰው እንዲኖርህ ብዬ ነው።

ፍርድ ቤት እኔ እህቱ ናት ተብዬ አልተጠራሁም። ሲስተር መንበረ ከወልቂጤ በጉብሬው ኮረኮንች መንገድ መጥተው ቆሙ። ጠበቃህ "እናቱ ተመትታ አልነበረም ወይ?" ሲላቸው "አዎ፣ ክንዷ ሲሰበር ነበርኩ" አሉ። ዓቃቤ ሕጉ ሲጠይቃቸው ደግሞ "ሁለተኛውን ሲመታው ሰውየው ተንበርክኮ እጁን አንስቶ ነበር" አሉ። ዳኛው ዘጠኝ ዓመት ፈረዱ። እማ በግራ እጇ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ስትጮህ ፖሊሶች ደግፈው አስወጧት።

በዚያው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲው መልእክት መጣ። የቤቱ ገቢ ስለቆመ እርዳታው ሙሉ ሆኗል ይላል። አንተ ስትታሰር እኔ በነጻ ተማሪ ሆንኩ ማለት ነው። እማ ሰምታ "ልጄን አሳስረው ልጄን ሊያስተምሩልኝ? የዚያችን መነኩሲት እንጀራ ከበላሽ የኔን ጡት አልጠባሽም" አለች። አልሄድም ብዬ ልነግርህ መጣሁ። ሽቦውን ይዘህ ያልከኝን ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ "መነኩሲቷ አየች፣ ያየችውን ተናገረች። አንቺ ካልሄድሽ ሰይዶም በከንቱ ሞተ፣ እኔም በከንቱ ታሰርኩ።"

ሄድኩ። የሄድኩበትን ቀን ግን ሙሉውን ነግሬህ አላውቅም። ጉንጬ ላይ ያለውን ጠባሳ ከባጃጅ ወድቄ ነው ብዬህ ነበር። አይደለም። መናኸሪያ ውስጥ የወልቂጤ መኪና ስጠብቅ የሰይዶ ወንድም ደበሌ ከኋላዬ መጣ። በአንድ እጁ ፀጉሬን ጠቅልሎ ያዘና በሌላው ምላጭ አወጣ። "ለዚህ ፊት ነው ወንድሜ የሞተው" አለና ከጆሮዬ ሥር እስከ አገጬ ቀደደው። ሰው ሁሉ ያያል፤ ማንም አልተጠጋም። ሻንጣዬን በደሜ አበላሽቼ መኪናው ላይ ወጣሁ። ለፖሊስም ለአንተም ያልነገርኩት፣ ከሰማህ አጥሩን ዘለህ እንደምትወጣና በጥይት እንደምትቀር ስለማውቅ ነው። በዚያው ሰሞን የእማን መደብ አቃጠሉት፤ ጣራችን ላይ ድንጋይ ሲወርድ ከረመ። እሱን እንኳ እማ ራሷ ነግራሃለች።

ሲስተር መንበረን አንድ ዓመት ሙሉ ሰላም አላልኳቸውም። አንድ ቀን ስለ እርዳታው ሊያነጋግሩኝ ቢሯቸው ሲጠሩኝ ግን አልቻልኩም። "ለምን መሰከሩበት?" አልኳቸው።

"ቤታችሁን አይቼ እንድናገር ነው የተላክሁት" አሉ። "ድህነታችሁን አይቻለሁ፣ ሌላውን አላየሁም ማለት አልችልም።"

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብርጭቆ አንስቼ ግድግዳው ላይ ፈረከስኩት። ስባሪው ክንዳቸውን ቆረጣቸው። ደማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "ልጄ፣ ይኸውልሽ፤ አሁን ስፊው" አሉኝ። መርፌና ክር አስመጥተው በሕይወቴ የመጀመሪያውን ቁስል በእሳቸው ክንድ ላይ ሰፋሁ። "ጠበቅ አድርጊው" ከማለት በቀር ምንም አልተናገሩኝም። ወደድኳቸው ብዬ አልዋሽህም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ገብቼ የሚባለውን መስማት ቻልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አመክሮህ ተይዞልህ መስከረም ላይ እንደምትፈታ ሲወራ ደበሌ ቢላ አስሞርዶ ቀበቶው ላይ ማሰር ጀመረ። መደበቅም አልፈለገም፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ ለሚጠይቀው ሁሉ ያሳያል። እማ እንቅልፍ አጣች። እኔ ሀጂ አብዱልሃፊዝ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ሀጂ ሽማግሌ ሰብስበው እነ ሰይዶ ቤት አራት ጊዜ ተመላለሱ። ሦስቱን ጊዜ ደበሌ በር አልከፈተም። በአራተኛው እናቱ እትዬ አሚኔ ራሳቸው ከፈቱና "ልጅቷ ትምጣ" አሉ። እኔን ማለታቸው ነው።

ገባሁ። ሽማግሌዎቹ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ደበሌ ቆሟል። ለደም ካሳ የመጣውን ነገር ሀጂ መዘርዘር ሲጀምሩ እትዬ አሚኔ አቋረጧቸው።

"ገንዘብ አልፈልግም፣ ከብትም አልፈልግም። ሸረፋ እህቱን ሊያስተምር ብሎ ነው ልጄን የገደለው። የኔም ልጅ ሳሌሃ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች፤ ነጥቧ አልሞላም። ይቺ የተማረችበት ቦታ እሷም ትግባ። ሸረፋ ያስተምርልኝ። ካሳዬ ይሄ ነው።"

ደበሌ ቢላውን መዘዘ። "በወንድሜ ደም ደብተር ትገዥበታለሽ?" አለኝና ወደ እኔ መጣ። ወደ ኋላ ብልም ግድግዳ ነው። እትዬ አሚኔ መሀላችን ገቡና ስለቱን በባዶ መዳፋቸው ጨበጡት። ደሙ በክንዳቸው ወረደ፤ አልለቀቁም። "አንዱን ቀበርኩ። ሁለተኛውን ወህኒ አልጠይቅም። ወይ እኔን ግደል ወይ ተቀመጥ" አሉት። ሳሌሃ ከጓዳ ወጥታ ከኋላው ቆመች። አላለቀሰችም። "ደበሌ፣ እኔ መማር እፈልጋለሁ" አለችው፤ ይኸው ነው ያለችው። ደበሌ እናቱን አየ፣ እህቱን አየ። ቢላውን ለቀቀና ተቀመጠ።

የእትዬ አሚኔን መዳፍ እዚያው፣ ደበሌ እያየኝ፣ ሰፋሁት።

ከዚያ ሀጂ ቁርኣን አስመጥተው አስማሉት። የማለው ግን ሙሉ እርቅ አይደለም፤ ልደብቅህ አልችልም። "ሳሌሃ እየተማረች እስካለች ድረስ ሸረፋን አልነካውም፤ ወላሂ። ክፍያዋ የቆመ ቀን ግን መሐላው የለም" አለ። ስትመረቅስ ብለው ሀጂ ጠየቁት። "ያኔ እሷ ትወስን" አለ።

ሳሌሃ የመግቢያ ፈተናውን አልፋለች። ባለፈው ሳምንት ሲስተር መንበረ ቤታቸውን ሊያዩ መጥተው ነበር። አርጅተዋል፤ ከመኪና ሲወርዱ እጃቸውን ይዣለሁ። ለሷም ሙሉ እርዳታ ታደርጉልን ይሆን ብዬ ለመንኳቸው። "የወንድሟ ገቢ አለ፤ ባየሁት መሠረት ግማሽ ነው የሚሰጣት" አሉኝ። ደበሌ በበኩሉ በካሳው ላይ አምስት ሳንቲም አልጨምርም ብሏል።

ስለዚህ ሸረፋ፣ ግማሹ የኛ ነው። ከደሞዜ የምችለውን አወጣለሁ፤ ለብቻዬ ግን አልሞላውም፤ ብሞላውም እትዬ አሚኔ ከእኔ አይቀበሉም። የጠየቁት ያንተን ነው። እዚህ ቆሼ የበርበሬ ጆንያ የሚያወርድ ጉልበተኛ ይፈልጋሉ፤ ባለ ወፍጮውን አነጋግሬዋለሁ፤ ማን እንደሆንክ ያውቃል፤ እሺ ብሏል። ሥራው ወገብ ይቆርጣል፣ በርበሬው ዓይንና ደረት ያቃጥላል። መናኸሪያውን ግን እርሳው። ከአንድም መኪና የምትቀበላት ሳንቲም ለሳሌሃ ክፍያ አትገባም፤ እትዬ አሚኔ ይህንንም ብለዋል።

ልማዱን ታውቃለህ። አንገትህ ላይ ድንጋይ ተሸክመህ፣ በባዶ እግርህ በራቸው ላይ ትደፋለህ። ደበሌም እዚያው ይቆማል። ምናልባት ይተፋብህ ይሆናል፤ ምናልባት ይመታህ ይሆናል። ሀጂ አንድ ምት ከሆነ መሀል አንገባም ብለዋል። አንተ ግን እጅህን እንዳታነሳ። ይህን ብቻ ነው የምለምንህ። እንቢ ካልክም መልእክት ላክልኝ፤ እማን ይዤ ከዚህ አገር ልጥፋ።

እሺ ካልክ ግን፣ የምትፈታ ቀን ከሀጂ ጋር ወህኒው በር ላይ እንጠብቅሃለን። እስክንደርስ ከግቢው እንዳትወጣ።

አላህ ልብህን ያብርደው።

እህትህ ሰልሚያ
ቆሼ፣ ሐምሌ 2005