የቢሮዎ ሃያ ሁለት ዲግሪ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ አየር የተስተካከለ፣ ግንባርዎም እንደ ወትሮው ላብ የማያውቀው እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እኔ የውኃ ፓምፑ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ «የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን በቸልተኝነት ከፍቶ በመተው» ለተጻፈልኝ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ። እርግጥ ነው ከፍቼዋለሁ፤ ታፍኖ ነበር።

፩. ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች አራት መቶ ዋት ያህል ሙቀት እንደሚያወጡ፣ ይህም የሚወጣው በቆርቆሮው ገጽ በኩል እንደሆነ ጽፌ ባቀርብ፣ ሳጥኑ ምን ያህል እንደሚግል ስሌቱን በራስዎ እጅ ሊሠሩልን መልካም ፈቃድዎ ሆነ። ከሳጥኑ ውጭ ያለውን ሙቀት ሃያ ሁለት ዲግሪ ብለው የሞሉት ግን ከቢሮዎ ግድግዳ ቴርሞሜትር አንብበው ነው። የፓምፑ ክፍል ቀትር ላይ ሠላሳ ስምንት ይደርሳል፤ አንድ ቀን ብቅ ቢሉ ኖሮ ከረባትዎ ይነግርዎት ነበር።

፪. የሳጥኑን ስድስት ገጾች በሙሉ ሙቀት ያስወጣሉ ብለው ስለቆጠሩልን ልግስናዎን እናደንቃለን። ጀርባው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ታችኛው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጧል፣ ሁለቱ ጎኖቹም ከሌሎች ሳጥኖች ጋር ተጣብቀዋል። የቀሩት ፊቱና አናቱ ናቸው።

፫. ጎብኚዎች ደስ እንዲላቸው የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ቀለም ተቀቡ፤ የሳጥኑም በር ተቆልፎ ቁልፉ ኪስዎ ገባ።

እናም ማክሰኞ ቀትር ላይ ሳጥኑ ከመጠን በላይ ግሎ ፓምፑ ቆመ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ ቁልፉም አብሮዎት ተሰብስቦ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ማዋለጃ ክፍሉ ጠብታ ውኃ አላየም። አዋላጇ ደም የነካ እጇን እንደዘረጋች ኮሪደር ላይ አግኝታኝ «አንተ፣ በምኔ ልታጠብ?» አለችኝ፤ አፈርኩ። ቁልፉ ሲመጣ ከፈትኩ፣ ፓምፑ ተነሣ፣ በሩንም እንዲተነፍስ ክፍት ተውኩት። በማግሥቱ ሳጥኑ ዳግመኛ ተቆለፈ፣ ማስጠንቀቂያውም ለእኔ መጣ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህንን።

የባለቤቴ ወሯ ገብቷል፤ የምትወልደውም እዚሁ ነው። ስለዚህ ፈርቻለሁ፣ ፍርሃቴንም በክብር ልብስ ልሸፍነው አልችልም። ቁልፉ ፓምፑ ክፍል ይንጠልጠል፣ ቀዳዳዎቹም ይከፈቱ።

ከማቀዝቀዣዎ ሥር ሆነው ስለ ሙቀት ለሚያስቡልን ክብርዎ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሣ፣
ላብ ያጠመቀው የፓምፑ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ የቢሮዎን ቴርሞሜትር ፍለጋ የጥበቃ ሠራተኞቹን በከንቱ አያድክሙ። ሳጥኑ ዳግመኛ ከመቆለፉ በፊት እኔው ወስጄ ውስጡ ሰቅዬዋለሁ። ትናንት ቀትር ላይ በሳጥኑ በር ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ሳየው ቀዩ መስመር የመጨረሻው ቁጥር፣ ሃምሳ ላይ ደርሶ መሄጃ አጥቷል። ስሌትዎን ማረም ከፈለጉ ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ነው።