ጆሮ ያለው ዓሣ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለፈው በስልክ እስከ ገበያ እንኳ መሄድ አቃተኝ ስትዪኝ አዝኜልሽ ነበር። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራው ደህና ነው፤ ባለቤቴም ሰላም በይልኝ ብሏል። የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ብነግርሽ ወይ ትዘጊብኛለሽ፣ ወይ ወሬውን ወደ ጎረቤት ታዞሪብኛለሽ። ደብዳቤ ግን አይዘጋምና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፣ አደራ።

እሑድ ዕለት ከሶፋ ቤቱ ሰዎች ጋር ወደ ሐይቁ ሄድን። አዎ፣ «የሐይቅ ብርድ ለደረትሽ አይሆንም፣ ቅሪ» ያልሽኝ ጉዞ ነው። እኔ ደረቴን አሞኝ አያውቅም፤ ያን ጊዜ አንድ ነገር እንዳለ መጠርጠር ነበረብኝ። ሐሳቡን ያመጣው አለቃችን ነው። መለኪያውን ከአንገቱ ስለማያወርድ ሜትሮ የምንለው፣ ነግሬሻለሁ። ዓመቱን ሙሉ ሶፋ ላይ ጎንብሰን ስንሰፋ ወገባችን ጎብጦ ቀርቷል፣ አንድ ቀን ቀና ብለን እንሂድ አለና መኪና ተከራየልን።

መኪናው ካወረደን በኋላ መንገዱ ሐይቁን ዳር ዳሩን ይዞ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። በአንድ በኩል ሸምበቆ ነው፣ በሌላው ድንጋያማ ዳገት። መሐል ላይ ቀይ ጭቃ አለ፤ ጫማ ላይ አንዴ ከያዘ በቢላም አይለቅም። ሜትሮ አንድ እግሩ ገባና ጫማውን እዚያው ትቶ ወጣ። ሦስት ሆነን ጎትተን አወጣንለት። ስንት ሜትር እንደጠለቀ ለክቶ እንዲነግረን ብንጠይቀው እስከ መጨረሻው ድረስ አኮረፈን።

መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ዓሣው ቆሟል። ከዛገ ቆርቆሮ፣ ከድስት ክዳንና ከአሮጌ ትሪ የተሠራ፣ ከቤት ጣራ የሚበልጥ ዓሣ ነው። ቅርፊቱ አንድ በአንድ በእጅ ተቀጥቅጦ በሽቦ ተያይዟል፤ ንፋስ ሲመጣ ይንኳኳል። ሰው ከሩቅ የሚመጣው ግን ለዚህ አይደለም። ዓሣው ሁለት ትልልቅ ጆሮዎች አሉት። የእኛ ሰዎች በሳቅ ፈረሱ። ጨርቅ ቆራጯ ጓደኛዬ፣ ያቺ አፏ የማያርፈው፣ ሰውየው አህያ ጀምሮ መሐል ላይ ሐሳቡን ቀይሯል አለች። እኔም ልስቅ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቁ ግን አልወጣ አለኝ።

እማዬ፣ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንቺ ሥራ ሄደሻል። አባዬ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ እኔ እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ በአንዲት ቁራጭ ላይ በሚስማር ዓሣ ሣልኩ፤ ጆሮም አወጣሁለት። ዓሣ ጆሮ የለውም አለኝ። «ታዲያ እናቱ ስትጠራው በምን ይሰማል?» አልኩት። መዶሻውን አስቀምጦ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ቁራጯንም ኪሱ ከተታት። በዓመቱ ሩቅ አገር ለሥራ ሄዶ እዚያው ሞተ አልሽኝ። ይኸው ሃያ አራት ዓመት የሞተ አባት ይዤ ኖርኩ።

መግቢያው ላይ ውሃ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ዓሣውንም የምትጠብቀው እሷ ናት። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት በመጣች ቁጥር ዓሣው ለምን ጆሮ እንዳለው ትጠይቃለች፤ መልሱንም በደብተር ታስጽፋለች። እኔንም ጠየቀችኝ። ለምን እንደምትጠይቅ ብጠይቃት የሠሪው ትእዛዝ ነው አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከማዶ በጀልባ ይመጣል፣ የላላውን ያጠብቃል፣ ከዚያ ደብተሩን ያነባል። መጠጥ ከተወ ቆይቷል። አንዲት ልጅ አለችው፤ ራሷ ፈልጋ ካልመጣች በቀር ደጇን ላይረግጥ ለእናቷ ቃል ሰጥቷል።

እስክርቢቶውን ተቀብዬ ቶሎ መጻፍ አቃተኝና ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩት። አንዷ ለጌጥ ነው ብላለች። አንዷ ሠሪው ስላበደ ነው ብላለች። በመሐል በመሐሉ ግን፣ በዓመት አንዴ፣ ጥያቄውን የማይመልስ ጽሕፈት አለ። መጀመሪያ ቀኑ ይጻፋል፣ ቀኑም በክብ ይከበባል። እንደ አንቺ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው እንደዚያ አድርጎ ነው ቀን የሚጽፈው። ከሥሩ «ትምህርቷን ጨረሰች» ይላል። በሚቀጥለው ዓመት «የሶፋ ሥራ ይዛለች፤ እጇ እንደ አንተ ነው» ይላል። የዘንድሮው «አገባች። ባሏ አይጠጣም» ነው።

ጠባቂዋ የትኛው ገጽ ላይ እንደቆምኩ አይታ እንዲህ አለችኝ፦ «እኚህ እናት ሁልጊዜ ቅዳሜ ባልሆነ ቀን ነው የሚመጡት፤ መልስም አይጽፉም። ገጹን ልቅደደው ብዬ ሠሪውን ብጠይቀው እምቢ አለኝ። የሌላውን ቆሞ ነው የሚያነበው፤ የእሳቸውን ግን ቁጭ ብሎ ነው።»

እማዬ፣ ተናድጄብሻለሁ፤ አልደብቅሽም። ስንመለስ ጓደኛዬ ሳትቀር ቀልዷን ትታ ምን ሆነሻል እስክትለኝ ድረስ ፊቴ ጠቁሮ ነበር። አባዬ ሰክሮ የሰበረውን መስታወት የረገጥኩት እኔ ነኝ፤ ጠባሳው ዛሬም ተረከዜ ላይ አለ። ስለዚህ ለምን በሩን እንደዘጋሽበት አውቃለሁ፤ በዚያ አልፈርድብሽም። በር መዝጋትና ሰው መቅበር ግን ለየቅል ናቸው። ሞቷል ስትዪኝ ስንት ቀን እንዳለቀስኩ ታውቂያለሽ፤ እንባዬን የጠረግሽልኝ አንቺ ነሽ። ደግሞ መለስ ብዬ ያን ሁሉ መንገድ ብቻሽን ስትሄጂ አስባለሁ፤ የእኔን ወሬ ልትነግሪው። ያን ጊዜ ንዴቴ ይበርዳል። ሙሉ በሙሉ አይደለም።

መልሴን ደብተሩ ላይ ጽፌያለሁ፤ ያኔ ለአባዬ እንዳልኩት፣ ቃል ሳልቀንስ። የሚመጣው ቅዳሜ ያነበዋል፤ ሲያነበው አጠገቡ እሆናለሁ። ሜትሮን አስፈቅጃለሁ፣ ለባለቤቴም ነግሬዋለሁ። ምን እንደምለው ገና አላውቅም፤ ምናልባት እጮህበት ይሆናል። መሄዴ ግን ያለቀ ነገር ነው፤ ብትፈቅጂም ባትፈቅጂም እሄዳለሁ። ደብዳቤው በጊዜ እንዲደርስሽ ብዬ ወደ እናንተ በሚመጣው አውቶቡስ ሾፌር እጅ ነው የላክሁት።

አንቺም ዐርብ ከሰዓት እኔ ቤት ግቢ፤ ማለዳ አብረን እንነሳለን። ቀስ ብለን እንሄዳለን፣ ስትደክሚ እናርፋለን፤ ጉልበቴ ብትዪኝ ግን አልሰማሽም። ባለፈው እናንተ ጋ ስመጣ አልጋሽ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ቀይ ጭቃ የያዘ ጫማ አይቼ የማነው ብልሽ የጎረቤት ነው ብለሽኝ ነበር። የጎረቤትሽን ጫማ አድርገሽ ነይ፤ መንገዱን ለምዶታል።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ዕድሜ ይስጥሽ፤ ዐርብ በሰላም ያገናኘን።

ስትጠሪኝ የምሰማሽ፣
ልጅሽ