ያልጠቆረው መጋረጃ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጥር 12

ለምወድሽ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ደረትሽስ እንዴት ነው? እህትሽ በደንብ ይዛሻለች ወይስ አሁንም በነገር ትወጋሻለች? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፣ ደስታ ሊያሳብደኝ ነው!

ምድጃው ማጨስ ተወ! አዎ፣ ያው የዳቦ ቤታችን ምድጃ፤ በሳል አጣድፎ ከገዛ ቤትሽ ያስወጣሽ ጠላትሽ። የመጀመሪያው ቀን ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ እየሮጠ መጥቶ፣ "ምነው፣ አመመህ እንዴ? ጭስህን ሳጣው ጊዜ ደነገጥኩ" አለኝ። ትኩስ ዳቦ አስይዤ መለስኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቴክኒክ ኮሌጇ መምህርት፣ ያቺ ሁልጊዜ ያረረ ዳቦ መርጣ የምትገዛው፣ "እርጥቡን ሰጋቱራ እንዲሁ ከምታነደው ከውሃ ጋር ወፍራም ብረት ውስጥ ዘግተህ ቀቅለው" አለችኝ። "ሰጋቱራ ደግሞ ድንች ነው እንዴ የሚቀቀለው?" ብዬ ሳቅሁባት። እሷ ግን በያጅ ይዛ መጣች። ተራ በርሜል እንዳይመስልሽ፤ የሙቀትና የግፊት መለኪያ፣ ትርፉንም እንፋሎት የሚያስተነፍስ ቫልቭ ያለው ድፍን ብረት ነው። ጓሮ፣ ከግንቡ ጀርባ ተከልነው።

"ከመቶ ሰማንያ ዲግሪ እንዳታሳልፈው፤ ቀስ ብሎ ይብሰል" ብላኝ ነበር። እኔን ታውቂኝ የለ፤ የጋጋሪ እጅ እሳት ካየ አያርፍም። ማገዶ ጨመርኩበት። ቫልቩ ጮኸ፣ ግማሹ ሰጋቱራ ከውሃው ጋር ቀልጦ ቀረ፣ ከሽታው የተነሣ ጎረቤት ሁሉ አኮረፈኝ። ደገምኩት፤ ያው ሆነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሦስተኛውን ጥጄ ሳለ፣ ያን እሑድ ደወልሽ። ልትዘጊ ስትይ ወሬ እየፈጠርኩ ያቆየሁሽ ቀን፣ የድመቷን ጤና ሳይቀር ያወራሁልሽ። ከዘጋሽም በኋላ ድምፅሽን እያሰብኩ እዚያው ቁጭ አልኩ። ለካ እሳቱን ረስቼዋለሁ! ሄጄ ባየው ወርዶ ወርዶ መቶ ሰማንያ ላይ ቆሟል። "ይሄም ተበላሸ" ብዬ አቀዝቅዤ ስከፍተው ጥቁር ቡናማ ጭቃ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ጨበጥ ሲያደርጉት ውሃው ጥርግ ብሎ ይወጣል። አድቦልቡዬ አድርቄ ባነደው እንደ ጥሩ ከሰል ፍም ሆነ። መምህርቷ፣ "አመድ የሚያበዛውን ነገር ውሃው ይዞት ወጥቷል። እሰይ፣ አሁን ገና ሰው ሰማህ" አለችኝ። የሰማሁት አንቺን መሆኑን አልነገርኳትም።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። የመጋገሪያውን ክፍል ነጭ መጋረጃ ታስታውሻለሽ፣ በየሳምንቱ እያጠብሽ "ጥቀርሻ ነው ያገባሁት" የምትይበትን። አጥቤ ሰቀልኩትና ሳምንቱን ሙሉ በአዲሱ ማገዶ ብቻ ጋገርኩ። ከደብዳቤው ጋር የመጣልሽ እሱ ነው። ደግሜ አላጠብኩትም። አፍንጫሽ ላይ አድርጊና በረጅሙ ተንፍሺ። ካሳለሽ እዚያው ቆዪ፤ እኔ እንደገና እቀቅላለሁ። ካላሳለሽም ሐኪምሽ ሳይፈቅድ እንዳትነሺ። በእኔ ቃል ብቻ አትሂጂ፤ የጓጓ ሰው ዳኛ አይሆንም። ናፍቀሽኛል። ቤቱ በጣም ሰፍቶብኛል።

ፈጣሪ ደረትሽን ይማርልኝ። ያስጠጋችሽን እህትሽንም፣ ምላሷን ትቶ፣ ይባርክልኝ።

ጥቀርሻው ባልሽ

ረስቼው፦ መስኮቱ ራቁቱን ቀርቶ መንገደኛ ሁሉ ሊጥ ሳቦካ ያየኛል። ቢሆንም መጋረጃውን በፖስታ እንዳትመልሺው።