የባየህ ሪከርድ

ኅዳር 14
የታችኛው ማሳ ሩዝ ታጨደ። ወገቤ ተቆረጠ። ታናሽ ወንድሜ ባየህ ሊያግዘኝ ቃል ገብቶ ቀረ። የሱ ቃል መቼም... ስሰድበው ዋልኩ።

ኅዳር 15
ለካ ታስሯል። ወረታ ከተማ በሸክም ከሚሠራበት የሩዝ መፈልፈያ ሁለት ኩንታል በባጃጅ ሲያወጣ ተይዞ። አምኗል። ሚስቱ መሠረት የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ምን ልበላት?

ኅዳር 19
ጣቢያ ሄድኩ። "ምን ነካህ?" አልኩት። "ለአራስ ቤት ብዬ..." አለና ተወው።
መርማሪው ወደ ጎን ጠራኝ። "ደጋጋሚ ነው። ሪከርድ ባይኖርበት በገደብ ይወጣ ነበር።"
ሪከርድ...
እዚህ እንኳ ልጻፈው። ከሦስት ዓመት በፊት የጎረቤታችንን የበላይነህን የውሃ ሞተር የሰረቅኩት እኔ ነኝ። ሽንኩርቴ እየደረቀ ነበር። የአህያዬ ዱካ ሰዉን እኛ ደጅ ድረስ አመጣው። ባየህ ያኔ አላገባም። "አንተ አራት ልጅ አለህ፣ እርሻም ደርሷል። እኔ ልግባ" አለ። ጉማራ ወንዝ ጣልኩት ብሎ ቃሉን ሰጠ፣ ስምንት ወር ታሰረ። ሞተሩ በረቴ ውስጥ እንደተቀበረ ነው።

ኅዳር 27
ለሚስቴ ለማስተዋል "ልናገር" አልኳት። "ሁለታችሁም ገብታችሁ ማን ሊያርስ ነው?" አለች። ዝም በል ስላለችኝ ደስ አለኝ። አፈርኩ።

ታኅሣሥ 10
ፍርድ ቤት። ዳኛዋ ፋይሉን ገልጣ "የቀድሞው ጥፋት ያንተ ነው?" አለችው። ባየህ ዞሮ አየኝ። ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ነበርኩ።
"የኔ ነው" አለ።
ሦስት ዓመት ከስድስት ወር። "ደጋጋሚ ስለሆንክ ከዚህ ዝቅ ማድረግ ሕጉ አይፈቅድልኝም" አለች። ያዘነች መሰለኝ። ይግባኝ በስልሳ ቀን ውስጥ።
ለምን አልተነሳሁም? ጉልበቴ ከድቶኝ... አይ፣ ጉልበቴ ደህና ነው። ፈራሁ።

ታኅሣሥ 22
ሩዙ ተወቃ። ምርቱ ጥሩ ነው። ኩንታሉን ቆጥሬ ሳልጨርስ ተውኩት።

ጥር 15
መሠረት ወንድ ወለደች። ሩዝና ቅቤ ይዤ ሄድኩ። አልጋዋ ላይ እንዳለች እጄን ይዛ ሳመችኝ። "ወንድምጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?"
ቶሎ ወጣሁ።

የካቲት 4
ይግባኙ ስድስት ቀን ቀረው። ጠዋት በረቱን ቆፈርኩ። ማስተዋል ቆማ አየችኝ፣ አልከለከለችኝም። ሞተሩ ዝጓል፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል። በላይነህ ቁጥሩ ያለበትን የግዢ ደረሰኝ እስካሁን ይዟል።
አህያው ላይ ጫንኩት። አስቀድሜ መሠረት ደጅ ቆምኩ።
"ምንድን ነው የጫኑት?"
"የበላይነህ ሞተር።"
ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወረች። "ማነው የሰረቀው?"
"እኔ ነኝ።"
"ባየህ ያውቃል?"
"ያውቃል።"
"ታዲያ እዚህ ምን ቆመሃል?" አለችኝ።
ይህን የምጽፈው ጣቢያው በር ላይ ነው። መርማሪው ምሳ ወጥቷል። ጠብቅ ብለውኛል። አህያውን ማን እንደሚመልሰው አላሰብኩም።