የነሐሴ ገጽ ጀርባ

ግንቦት 3፣ ጠዋት 3፡30

ስካነሩ ዛሬም ጋለ። መብራት ሁለቴ ሄደ፣ ሁለቴ መጣ። ገና አስራ አንደኛው መዝገብ ላይ ነኝ። ሃያ ሁለት መዝገብ፣ ሁሉም የአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ። አቶ ካያሞ፣ የሐይቁ ጌጅ አንባቢ። ሥራው ምን መሰለህ ደብተር፤ በየጠዋቱ 12 ሰዓት ሐይቅ ዳር ይወርዳል፣ ውሃው ውስጥ የተተከለውን ቁጥር የተጻፈበት ብረት ያያል፣ ውሃው የት እንደደረሰ ይጽፋል፣ ይመለሳል። በቃ። ሃያ ሁለት ዓመት! እኔ ብሆን በሳምንቴ አብዳለሁ።

ፊት ለፊት እርስዎ እላቸዋለሁ። እዚህ አንተ ዘንድ ግን እሱ ነው። እዚህም ካላረፍኩ የት ልረፍ።

ገጹን እያገላበጡ ስካን ማድረግ ዕድሜ ይፈጃል። ከመጀመሪያው መዝገብ ጀምሮ ወስኛለሁ፤ የፊቱን ብቻ። ቅጹ የታተመው በአንድ በኩል ነው። አስራ ሁለት ወር፣ አስራ ሁለት ገጽ፣ በየገጹ ሠላሳ መስመር። ጀርባው ላይ ከዝንብ ኩስ በቀር ምን ይኖራል።

ግንቦት 11፣ ከሰዓት

የሄልጋ ኢሜይል ደረሰ። ከባሕር ማዶ ፕሮጀክቱን የምታስተባብረው ሴት ናት፤ በአካል አላውቃትም። ብዙ አገሮች ተስማምተው የምድርን መረጃ፣ ዝናቡን፣ ወንዙን፣ የመሬት መንቀጥቀጡን፣ በኢንተርኔት ለማንም ሊከፍቱት ነው። ያለ ክፍያ፣ ያለ ይለፍ ቃል። ከእኛ በኩል የሀዋሳ ሐይቅ ከፍታ። ደብዳቤዋን ሁሌ «ውድ ሰናይት» ብላ ትጀምራለች። እዚህ መ/ቤት ውድ ያለኝ ሰው የለም።

ሃላፊያችን አቶ መስፍን መጀመሪያ ተቆጣ። የአገር መረጃ በነፃ ለባዕድ? ማን ፈቀደ? ማህተም አለው ወይ? ከዚያ በዓመቱ መጨረሻ ውጭ አገር ስብሰባ እንዳለ ሰማ። ወዲያው ገባው። ክፍት መረጃ የልማት መሠረት ነው አለኝ፣ እኔን ሊያስተምር። የሚጋበዘው መረጃውን ያዘጋጀ ባለሙያ ብቻ ነው ስለው ፊቱ ወደቀ። እንዴት ደስ አለኝ!

ሃያ ዓመት ሠራሁ፤ ለመስክ ከዝዋይ አላለፍኩም። ዘንድሮ ካልወጣሁ መቼም አልወጣም።

ግንቦት 27፣ ረፋድ

ችግር። ሄልጋ ጻፈች። ቀኖቹን ወደ እነሱ አቆጣጠር ሲገለብጡ በየዓመቱ መስከረም ከመጥባቱ በፊት አምስት ቀን ባዶ ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። ሃያ ሁለቱም ዓመት። ክረምቱ የሚያበቃበት ወቅት ስለሆነ ቀኖቹ ያስፈልጋሉ። ምክንያቱ ካልተገለጸ ሐይቁ በመጀመሪያው እትም አይገባም። ሐይቁ ካልገባ እኔም አልጋበዝም፤ ይሄን እሷ አላለችም፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

አየሁ። እውነት ነው። ጳጉሜን የለም።

ሰኔ 2

መለስኩላት። መልሴ አጭርና ጥሩ ነው። በእኛ አገር ጳጉሜን ደሞዝ የለውም፣ ስለዚህ አንባቢው በጳጉሜን ሥራ አይገባም። አንባቢውን መጠየቅ ነበረብኝ? ምን ልጠይቀው። እኔ ብሆን አልወርድም። በነፃ፣ በጭቃ፣ በዚያ ብርድ፣ አንድ ቁጥር ለማየት! ማንም አይወርድም።

ሄልጋ ወዲያው አመሰገነች። ግልጽነቴን አደነቀች።

ሰኔ 9

አቶ መስፍን ደብዳቤውን አነበበ። ግልባጭ የላክሁለት እኔው ነኝ፤ ሞኝ። ዓይኑ በራ። ኪራይ ሰብሳቢነት ነው አለ። አምስት ቀን በሃያ ሁለት ዓመት ምን ያህል እንደሚሆን በጣቱ ቆጠረ። ለሩብ ዓመቱ ግምገማ ሰው ጠፍቶበት ነበር። አሁን አገኘ።

ትንሽ ቀፈፈኝ። ምሳ በላሁ፤ ለቀቀኝ።

ሰኔ 14፣ ከሰዓት 11 ሰዓት

ግምገማው አለቀ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነበርኩ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም አየሁ።

አቶ ካያሞን አስነሱት። ያችን ሰፊ ኮቱን ለብሶ መጥቷል፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሳትን። ሰው ፊት ሲቆም አማርኛው ይሰባበራል። ግለ ሂስ አድርግ ተባለ። ጥፋትህን ተናገር አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን አቅጣጫ ያስቀይሳል፣ ሌላ ሰው ይጠቁማል፣ ስለ ዕቅድ ያወራል። እሱ ከልቡ አሰበ። ከዚያ «አንድ ቀን ዋሽቻለሁ» አለ።

ሚስቱ የተቀበረች ዕለት ጠዋት መውረድ አቃተው። ጎረቤቱ ወርዶ አይቶ ነገረው። እሱ በራሱ ዓይን እንዳየ አድርጎ ጻፈ። እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ እናንተም እወቁልኝ አለ።

አንዲት የሒሳብ ክፍል ልጅ ሳቀች። አቶ መስፍን አንዱን ካመንክ ሌላውን ጨምር አለው። ጳጉሜንስ? ሽማግሌው ግራ ገባው። ጳጉሜንም እወርዳለሁ፣ ውሃው እንደሁ አያርፍም፣ ጽፌያለሁም አለ። የታል? አቶ መስፍን ከስካኑ ያተምኩትን የነሐሴ ገጽ ሰጠው። ሽማግሌው ወረቀቱን ገለበጠ። ጀርባውን አየ። ነጭ። ደግሞ ገለበጠ። ደግሞ ጀርባውን አየ። እንደ ሕፃን ሲያገላብጥ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አርጅቷል፣ ጃጅቷል አልኩ በልቤ።

ተቀመጠ።

በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩ፤ አንባቢው ራሱ ያላየውን ንባብ ማስገባቱን በአንደበቱ አመነ። ውሸት አይደለም። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው።

ሰኔ 30

ተከፈተ! ሀዋሳ ብሎ የጻፈ፣ የትም ይሁን፣ ሐይቃችንን ያያል። ሰማያዊ መስመር፣ ወጣ ወረድ የሚል፣ በየዓመቱ መጨረሻ ላይ ቁርጥ የሚል። ከሥሩ ማስታወሻ፤ አንባቢው ካያሞ በየዓመቱ ለአምስት ቀን ሥራ አይገባም ነበር፤ ያላየውን መመዝገቡንም አምኗል፤ ንባቦቹ በጥንቃቄ ይወሰዱ። ቃለ ጉባኤውን ተርጉሜ የላክሁት እኔ ነኝ። የአዘጋጅ ስም፤ ሰናይት። ስሜን አስር ጊዜ አየሁት።

ሽማግሌው በጡረታ እንዲገለል ተወሰነ። ዕድሜውም ደርሷል፤ ማንም የገደለው የለም።

ሐምሌ 12፣ ጠዋት

የሽማግሌው ልጅ መጣች። ብርቱካን ትባላለች፣ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ናት። አንድ የውጭ እንግዳ ስለ ሐይቁ ሲፈልግ ገጹን አግኝቶ አሳያት። አዲስ ከተማ ሰፈር ካለ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ አሳተመችው። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር።

አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ አይበላም አለች። ልጅ ሆኜ ጃንጥላ እይዝለት ነበር፣ በጳጉሜን፣ በዝናብ። ቅጹ ላይ ጳጉሜን ስለሌለ የነሐሴን ገጽ ገልብጦ ጀርባው ላይ ይጽፍ ነበር። ዋናውን መዝገብ አይታችኋል ወይ?

አይተናል አልኳት።

ዓይኔን አየችና ወጣች።

ዛሬ ከሰዓት

መጋዘን ወረድኩ። አንዱን መዝገብ አወጣሁ። ነሐሴ። ገለበጥኩ።

አለ። በማስመሪያ የተሰመረ፣ አምስት መስመር፣ ከላይ «ጳጉሜን» ተብሎ የተጻፈ። ቁጥሩ፣ ሰዓቱ፣ ዝናብ ከነበረ ዝናብ። ሁለተኛውን ገለበጥኩ። አለ። ሦስተኛውን። ስድስተኛዋን ቀን ሳይቀር፣ በዓመቷ። ሃያ ሁለቱንም ገለበጥኩ። አንድ ቀን አልጎደለም።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ሲያገላብጥ ትዝ አለኝ። እኔ ነኝ ጀርባውን ነጭ ያደረግሁበት። አፈርኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከማፈሬ በፊት ግን በሩን ቆለፍኩ።

ሐምሌ 20

ሄልጋን በዘወርዋራ ጠየቅኋት። ስህተት ቢገኝ እንዴት ይታረማል? በደስታ መለሰች። እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ክፍት ነው። ቅጽ አለ፤ የታረመው፣ ምክንያቱ፣ ስህተቱን የሠራው ሰው ስም። ሁሉም ከመስመሩ ሥር ለዘለዓለም ይታያል። አይደበቅም፣ አይጠፋም። ክፍት ማለት ይሄ ነው አለች።

በዚያው ኢሜይል የግብዣው ደብዳቤ ተያይዟል። ውድ ሰናይት። የንግግሬ ርዕስ የመረጃ ጥራት።

ቅጹን ከፈትኩ። ምክንያት የሚለውን ሞላሁ፤ ስካን ሲደረግ ጀርባው ተዘለለ። ስም የሚለው ላይ ደረስኩ። መብራት ሄደ። ሲመጣ እንደገና አልከፈትኩም።

ሐምሌ 26፣ ረፋድ 4 ሰዓት

ሽማግሌው መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ግባ እስክለው ጠበቀ… ይግቡ ማለቴ ነው። እጄም ተሳሳተ።

ሊከሰኝ መስሎኝ ነበር። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው! ልጁ መጥታ እንዳስቸገረችኝ ሰማ። ልጅ ናት፣ አባቷን ትወዳለች፣ አትቀየሚያት አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፤ በዚያ በኮምፒዩተሩ ጳጉሜኗን ልታሳዪኝ ትችያለሽ? አሳየሁት። መስመሩ ቁርጥ ያለበትን። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ከዓመት ዓመት ሄደ። ቁርጥ፣ ቁርጥ፣ ቁርጥ።

እኔ የጻፍኩ ይመስለኝ ነበር አለ። ስወርድ ራሱ ይታየኛል፣ ጭቃው፣ ልጅቷ ጃንጥላ ይዛ። ግን ያኔ ወረቀቱን በዓይኔ አየሁት፣ ነጭ ነው። «ልጄ፣ እርጅና ያልሠራሁትን ሠራሁ አሰኘኝ። ልጄንም ዋሸኋት ማለት ነው።»

አሁን መናገር ነበረብኝ። መዝገቡ ከእኔ ወንበር በስተኋላ በግድግዳ ማዶ ነው። ሃያ እርምጃ። አፌን ከፈትኩ።

አይዞዎት አልኩት። ዕድሜ ሲገፋ ሁሉም ይረሳል።

እጄን ስሞ ሊወጣ ሲል ነጠቅኩት።

ሐምሌ 27

አልተኛሁም። እሱን ጠላሁት። ለምን አልተጣላኝም? አንድ ጊዜ ቢጮህብኝ፣ አንድ ጊዜ ውሸታም ቢለኝ! ደግ ሰው ያናድዳል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ተበድሎ እንኳ ሥራ ያበዛብሃል።

ነሐሴ 1

አቶ መስፍን መጋዘኑ ይጽዳ አለ። ወደ ኮምፒዩተር የገቡ ወረቀቶች ይወገዱ፣ ዝርዝሩ ላይ የመረጃ ክፍል ይፈርም። የመረጃ ክፍል ማለት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለቱ መዝገቦች ተራ ቁ. 7 ላይ ናቸው። ብዕሩን ይዤ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። የእርማቱ ጊዜም ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

ፈረምኩ።

ነሐሴ 4፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

አይሱዙው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሠራተኞቹ ይጭናሉ። በዚያው ሰዓት ሽማግሌው የክሊራንስ ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ የሁሉም ክፍል ፊርማ አለቀለት፣ የቀረው የእኔ ነው። ሰው ሲሸከም ቆሞ ማየት አይችልም። ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና ይሸከም ጀመር። ሦስተኛው ዙር ላይ ምን እንደተሸከመ አወቀ።

መስኮቴ ሥር ቆመ። የእኔ እኮ ናቸው አለ፣ እየሳቀ። የት ይሄዳሉ? አሁን በኮምፒዩተር ስላሉ ዓለም በሙሉ ያያቸዋል፣ ወረቀቱ አያስፈልግም አልኩት። እሰይ አለ። ከዚያ አንዷን፣ አንዷን ብቻ፣ ለልጄ ማስታወሻ ልውሰድ ብሎ ጠየቀ። ሳይከፍታት በክንዱ አቅፏታል።

የመንግሥት ንብረት ነው፣ አይቻልም አልኩ።

ልክ ነው፣ ልክ ነው አለ። ራሱ ወስዶ ከላይ አስቀመጣት። ራሱ ሸራውን ጎተተ።

ክሊራንሱ ላይ ፈረምኩ፤ በእጃቸው የሚገኝ የመ/ቤቱ ንብረት የለም። ማህተም መታሁ። በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ መረቀኝ፣ መንገድሽ ይቅና አለኝ። ስለ ጉዞዬ ሰምቷል።

መኪናው ወጣ። ለሄልጋ በአንድ መስመር መለስኩ፤ ከሀዋሳ በኩል የሚታረም ነገር የለም።