ድምፅ የማይወጣበት የኪራይ አልጋ

እማዬ፣ እናት ዓለሜ፤

ከተለየሽን ዓመት ሞላሽ። ትናንት ሙት ዓመትሽን አወጣን። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፣ ጎረቤቱ በላ ጠጣ፣ መረቀም። እኔም ከዱባይ መጥቼ ይኸው ወረታ፣ ሰፊው ክፍልሽ ውስጥ ተቀምጫለሁ።

ወንድሜ አስማረ አግብቷል። ሚስቱ ደግ ናት፤ ብታያት ትወጃት ነበር። ሩዙም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ወረታ ግን ባጃጁና የጭነት መኪናው በዝቶ፣ ቤት ኪራዩም ጣራ ነክቶ፣ ጓሮው ሁሉ የሚከራይ ክፍል ሆኗል።

በስልክ ሁልጊዜ ስለ ቤቴ ትጠይቂኝ ነበር። ኧረ ምን ቤት አለኝና! ዱባይ ባሕሩ አጠገብ ካለ ፎቅ አንዱን ክፍል በኮምፔንሳቶ እየሸነሸኑ አልጋ አልጋውን ያከራዩናል። ከደሞዜ ከግማሽ የሚበልጠውን ያቺ አልጋ ትበላዋለች። ሙሉ ክፍል ለብቻዋ የተከራየች የአገሬን ልጅ እስካሁን አላየሁም።

መርዶሽን ጓደኞቼ እንደ አገራችን ደንብ ንጋት ላይ ሊያረዱኝ መጡ። ግን የት ይግቡ? ሁለት ሁለት እየሆኑ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ የቀሩት ደረጃው ላይ ቆሙ። ያከራየን ሰውዬ ጩኸት ከተሰማ ሁላችሁንም አስወጣለሁ አለ። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ደግሞ ሌሊቱን ስትሠራ ያደረች ልጅ ተኝታለች። እናቴ ሞታ ነጠላዬን ነክሼ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ፤ የኪራይ ቀን ሐዘን አያውቅም። ተቃጠልኩ፣ እማዬ።

አንቺ እኮ ለማንም ነበር የምታለቅሺው! ልጅ ሆኜ ከሐሙሲት ገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ ለቅሶ ሰምተሽ፣ የማታውቂው ሰው ቤት ይዘሽኝ ገባሽ። የሞተው ማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቂ አነባሽ። ስንወጣ ብስቅብሽ ጭኔን መዘለግሽኝ።

አሁን አስማረ ይህን ክፍል ለሁለት ከፍለን ለባጃጅ ነጂዎች እናከራየው ይላል። ክፉ አስቦ አይደለም፤ በኪራዩ እንድተዳደርና ወደዚያ አገር እንዳልመለስ ብሎ ነው። መቅረትማ እንዴት አልፈልግ! እሺ ብዬው ነበር።

ዛሬ ጠዋት አናጢው መጣ። ሜትሩን ዘርግቶ አንዱን ጫፍ ያዥልኝ አለኝ። መለያው ግድግዳ የሚቆመው አንቺ ከምትቀመጪበት መደብ መሐል ላይ ኖሯል። ኮምፔንሳቶ እዚህም ሊመጣ! ዓመት ሙሉ የያዝኩት ለቅሶ አመለጠኝ፤ እሪ አልኩ። ጎረቤቱ አዲስ ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ መጣ። ሲያዩኝ ገባቸው። መደቡም ወለሉም እስኪሞላ ተቀምጠው አብረውኝ አለቀሱ። ዝም በይ ያለኝ አንድም ሰው የለም፣ እማዬ። አንድም።

አናጢውን መለስኩት። አስማረ መጀመሪያ ተቆጣኝ፣ በኋላ እሱም አለቀሰ። ክፍሉ አይሸነሸንም። እንግዲህ የምተዳደርበት ኪራይም ቀርቷልና፣ ዱባይ ያለችውን አልጋዬን ለሌላ ሳያከራዩብኝ ሰኞ እመለሳለሁ። ሆዴ አልወደደውም፤ ግን ምን ላድርግ?

እዚያ ሆኜ ድምፄን ላሰማሽ አልችልም እንጂ፣ እስትንፋሴ እስካለች ስምሽን ከአፌ አልለየውም። ለአስማረም ነግሬዋለሁ፦ እኔም በሰው አገር አንድ ነገር ብሆን፣ ሰው ለለቅሶ የሚቀመጥልኝ እዚህ ክፍል ነው።

ልጅሽ