ከአስር ሦስት

ይድረስ ለልጄ ለልደት፦

ቅዱስ ቂርቆስ ካለሽበት ይጠብቅሽ፤ ቤይሩት ላይም ሰው አያሳጣሽ። እኔ ደህና ነኝ። የኩሽናው ጣሪያ ዘንድሮም ያፈሳል። ከስልሳ ሁለት ተማሪ ጋር ስጮህ ውዬ ስገባ ጫማዬን ማውለቅ እንኳ ይደክመኛል።

በታሪክ ክፍለ ጊዜ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ተምረን ስንጨርስ፣ «ምሽግ ውስጥ እንዳለ ወታደር ሆናችሁ ለእናታችሁ ደብዳቤ ጻፉ» አልኳቸው። ሁሉም ስለ ጭቃው፣ ስለ አይጡ፣ ስለ መርዙ ጭስ ጻፉ። ሜቲ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ብቻ፣ «እማዬ፣ ደህና ነኝ። ምግቡ ጥሩ ነው፤ አለቃዬም ይወደኛል» ብላ ጨረሰችው። ተናድጄ በቀይ እስክሪብቶ «ጦርነቱ የታለ?» ብዬ ከአስር ሦስት ሰጠኋት።

ወረቀቱን ስመልስላት፣ «ቲቸር፣ ማለቴ... እንደዛ ተብሎ ለእናት ይጻፋል እንዴ?» አለችኝ።

ወረቀቱን መልሼ ተቀበልኳት። ቤት ገብቼ ያንቺን ደብዳቤዎች ከሳጥን አወጣኋቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ደህና ነኝ፤ ምግቡ ጥሩ ነው፤ ማዳም ትወደኛለች» ይላሉ።

ለሜቲ አስር ከአስር ሰጥቻታለሁ። አንቺ ግን እባክሽ፣ አንዴ እንኳ ጭቃውን ጻፊልኝ፤ እችለዋለሁ። በሰላም ለቤትሽ ያብቃሽ።

እኔም ልጀምርልሽ፤ ከላይ «ደህና ነኝ» ያልኩሽን ሰርዢው።

እናትሽ ጀማነሽ